የ4ኤ-ጂኢ ኮሮላ በአዲስ ኮምፒውተር፤ ከዓባይ ማዶ ጋራዥ የተጻፈ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥር መጨረሻ፤ መነሻ

ይህ ማስታወሻ የፋብሪካው የሞተር መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ወጥቶ ስፒዱይኖ በተተካላት አንዲት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ላይ የተሠራውን የማስተካከል ሥራ እየተከተለ የሚመዘግብ ነው። ሞተሯ 4ኤ-ጂኢ ነው፤ 4 ሲሊንደርና 16 ቫልቭ፣ 1,587 ሲሲ ይዘት፣ የእሳት ተራው 1-3-4-2፣ በደቂቃ ከ7,000 ዙር በላይ ያለ ቅሬታ የሚሽከረከር። ነባሩ ኮምፒውተር ከ30 ዓመት በላይ ካገለገለ በኋላ ካፓሲተሮቹ አርጅተው ፈሳሻቸው በቦርዱ ላይ ስለ ፈሰሰና ቀጫጭን የመዳብ መስመሮቹን ስለ በላቸው ጥገናው የሚያዋጣ አልነበረም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችውን መኪና አድሶ መያዝ የፍቅር ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሒሳብም ጉዳይ ሆኗል።

ስፒዱይኖ አርዱይኖ ሜጋ 2560 በሚባለው ሰሌዳ ላይ የተመሠረተ፣ የኤሌክትሪክ ንድፉም ሶፍትዌሩም ለማንም ክፍት የሆነ መቆጣጠሪያ ነው። ቁጥሮቹ የሚገቡት ተነር ስቱዲዮ በተባለው የላፕቶፕ ፕሮግራም ሲሆን ለዕለት ሥራው ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ ይህ ለእኛ ከተማ ለባሕር ዳር ቀላል ነገር አይደለም።

ከፋብሪካው ዕቃ ውስጥ ዲስትሪቢዩተሩን፣ ለእሳቱ ከፍተኛ ቮልት የሚፈጥረውን ኮይልና እሱን የሚያበራና የሚያጠፋውን ኢግናይተር አስቀርቻለሁ። ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ፣ የክራንክሻፍቱን አቋም የሚናገረው ክፍል ግን አዲስ ነው። ለ36 ጥርስ እኩል ተከፋፍሎ አንዱ ጥርስ የተዘለለበት የብረት ዲስክ በቶርኖ ቤት አሠርቼ በክራንክሻፍቱ ጫፍ ባለው ፑሌጃ ላይ ገጠምሁት፤ ከፊቱም ወደ 1 ሚሊሜትር ክፍተት ትቼ የማግኔት ሴንሰር አቆምሁ። ኮምፒውተሩ የጎደለውን ጥርስ እያየ አንደኛው ፒስተን የት እንደ ደረሰ ያውቃል። ክራንክሻፍቱ በአንድ የሥራ ዑደት ሁለት ጊዜ ስለሚዞር፣ በዚህ ዲስክ ብቻ ፒስተኑ አየር እያመቀ ይሁን ጭስ እያወጣ መለየት አይቻልም፤ ስለዚህ ኢንጀክተሮቹ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ እንዲረጩ አድርጌአለሁ። ለዚህ ሞተር ይበቃል።

ሥራው የሚመራበት ደንብ አንድ ነው፤ የሴንሰሮቹ ቃል ተጣርቶ ሳያልቅ የነዳጁ ሰንጠረዥ አይነካም። ብዙ ሰው ሞተሩ እንደ ተነሣ ወደ ነዳጁ ሰንጠረዥ ይሮጣል፤ ከዚያ በኋላ በአንድ የተሳሳተ ሴንሰር ላይ መቶ ትክክለኛ የሚመስሉ ቁጥሮች ይገነባል።

የካቲት መጀመሪያ፤ ከፍታው

ይህ ኮምፒውተር የገባውን አየር በቀጥታ አይመዝንም። አየሩን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ቱቦ፣ በማኒፎልዱ ውስጥ ያለውን ግፊትና የአየሩን ሙቀት ለክቶ የአየሩን ክብደት በስሌት ያገኛል፤ ሞተሩ በየዙሩና በየግፊቱ ሲሊንደሩን ምን ያህል እንደሚሞላ ደግሞ እኛ ከምንሞላው የነዳጅ ሰንጠረዥ ያነብባል። ከዚህ የተነሣ ባሕር ዳር ላይ ያለው የአየር ግፊት ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ላይ ስለ ሆነች፣ ቁልፍ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ የግፊት ሴንሰሩ የሚያሳየው 82 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ በባሕር ጠለል ቢሆን 101 ያሳይ ነበር።

ልዩነቱ በግራም ሲታሰብ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የአንዱ ሲሊንደር ይዘት 397 ሲሲ ያህል ነው። በ100 ኪሎፓስካልና በ20 ዲግሪ ሙቀት ሙሉ በሙሉ ቢሞላ 0.47 ግራም አየር ይይዛል፤ ለ1 እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ አየር በሚለው ሒሳብ 32 ሚሊግራም ነዳጅ ይፈልጋል። በእኛ 82 ኪሎፓስካል ግን ያው ሲሊንደር 0.39 ግራም አየር ብቻ ስለሚይዝ 26 ሚሊግራም ይበቃዋል። ቤንዚን መርገጫው እስከ ወለሉ ቢረገጥም ከዚህ የሚያልፍ የለም፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከከተማው አየር በላይ ሊተነፍስ አይችልም።

ለመነሻ ያገኘሁት ሰንጠረዥ በባሕር ጠለል አካባቢ የተሠራ ነበር። የላይኞቹ ረድፎች 90፣ 95 እና 100 ኪሎፓስካል የሚሉ ሲሆኑ ይህች መኪና እዚህ እስካለች ድረስ አንዳቸውንም አትረግጥም፤ በአንጻሩ ከ60 እስከ 82 ያለው፣ ኃይል የሚፈለግበት ሥፍራ፣ በጥቂት ረድፎች ብቻ ተሸፍኖ ነበር። ስለዚህ ረድፎቹን አንድ በአንድ ቀይሬ የመጨረሻውን 90 ላይ አቆምሁት፤ ምናልባት አንድ ቀን ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ ወደ ዓባይ በረሃ ብትወርድ እዚያ አየሩ ይወፍራልና ያ ረድፍ ያገለግላታል። ትርፍ የሆኑትን ረድፎች በ60 እና በ82 መካከል በ4 በ4 ኪሎፓስካል ልዩነት አሰባሰብኋቸው። በእሳቱ ሰንጠረዥም ላይ ይህንኑ አደረግሁ።

የካቲት፤ የሙቀት ሴንሰሮቹ

የውኃ ሙቀትና የአየር ሙቀት ሴንሰሮች ሙቀት ሲጨምር የኤሌክትሪክ መከላከል አቅማቸው እየቀነሰ የሚሄድ ናቸው። የቶዮታ የጥገና መመሪያ ለውኃው ሴንሰር በ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ኪሎኦም፣ በ80 ዲግሪ ከ0.2 እስከ 0.4 ኪሎኦም ይሰጣል። ይህ ሰፊ ክልል ስለ ሆነ ለፕሮግራሙ የሚገቡትን ሦስት ነጥቦች በእጅ መለካት ይሻላል። አንደኛው በበረዶ ውኃ፣ ሁለተኛው በክፍል ሙቀት፣ ሦስተኛው በፈላ ውኃ ነው።

ሦስተኛው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በየመመሪያው የፈላ ውኃ 100 ዲግሪ ተብሎ ይጻፋል፤ በጣና ዳር ግን ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ያንን ንባብ 100 ብሎ የመዘገበ ሰው ሞተሩ በትክክል ሲሞቅ ሁሉ ከእውነቱ ወደ 6 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይታየዋል፤ ማቀዝቀዣው ፋን ያለ ጊዜው ይነሣል፣ ለሙቅ ሞተር የተመደበው ነዳጅም ገና ባልሞቀ ሞተር ላይ ይውላል። እኔ 94 ብዬ አስገባሁ። ቴርሞስታቱ 82 ላይ መከፈት ሲጀምር የላይኛው የራዲያተር ቱቦ በእጅ ሲዳሰስ የሞቀበትና ላፕቶፑ 82 እና 83 ያሳየበት ጊዜ ተገጣጠመ፤ ከዚያ የተሻለ ማረጋገጫ በጋራዥ ውስጥ አይገኝም።

የካቲት አጋማሽ፤ እሳቱ መቼ ይነሣል

የመጀመሪያው ማንሣት ያለ ብዙ ችግር አለፈ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ቅንብር ሁለት ጊዜ አረጋገጥሁ። የቶዮታ ኢግናይተር ሲግናሉ ከፍ ሲል ኮይሉን ይሞላል፣ ዝቅ ሲል እሳቱን ይለቃል። በፕሮግራሙ ውስጥ ይህ ተገልብጦ ከተመረጠ ኮይሉ በዕረፍት ጊዜው ሁሉ እየሞላ ይቆይና ይጋላል፤ እሳቱም በተሳሳተ ሰዓት ይነሣል። ቁልፍ ከፍቼ ሞተሩን ሳላስነሣ ትንሽ ከቆየሁ በኋላ ኮይሉን ዳሰስሁት፤ ቀዝቃዛ ነበር።

ቀጥሎ እሳቱን በፕሮግራሙ ፒስተኑ ላይኛው ነጥብ ከመድረሱ በፊት 10 ዲግሪ ላይ አስሬ፣ ከእሳቱ ጋር ብልጭ በሚለው መብራት፣ በታይሚንግ ላይት የፑሌጃውን ምልክት አየሁ። በዚህ ጊዜ ጎረቤት ጋራዥ ያሉት አዛውንት መካኒክ መጥተው አጠገቤ ቆመው ነበር። ሞተሩን በጆሮ የሚያነብቡ ሰው ናቸው።

«ይሄ ሞተር ዘግይቷል፤ ዲስትሪቢዩተሩን ትንሽ ብትመልሰው ይነቃል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይመልሱትና መብራቱን እንይ» አልሁ።

ቡሎኑን አላልተው ዲስትሪቢዩተሩን አዞሩት። ምልክቱ ካለበት አልተንቀሳቀሰም። ወደ ሌላው አዞሩት፤ ያው ነው።

«ታዲያ ይሄ ምን ሊሠራ ተቀመጠ?»

«እሳቱን ለየካንዴላው ያድላል፤ መቼ እንደሚነሣ የሚወስነው ግን አሁን ያ ፑሌጃው ላይ ያለው ዲስክ ነው።»

ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያው እሳቱ ሲነሣ ሮቶሩ ከእግሩ ፊት መኖሩን ማን ነገረህ?» አሉ። ጥያቄው የሥራው ሁሉ ዋና ነጥብ ነበር። ኮምፒውተሩ እሳቱን ከ10 እስከ 34 ዲግሪ ሲያንቀሳቅሰው ሮቶሩ፣ በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እየዞረ እሳቱን ለየተርሚናሉ የሚያቀብለው፣ አብሮ አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ በሁለቱ ጫፎች መካከል ሮቶሩ ሁልጊዜ ከተርሚናሉ ፊት እንዲገኝ ዲስትሪቢዩተሩ በልኩ መቀመጥ አለበት፤ አለዚያ እሳቱ ወደ ጎረቤት ሲሊንደር ይዘልላል። አሮጌ ክዳን ከመጋዘናቸው አምጥተው ከአንደኛው ተርሚናል አጠገብ ቀዳዳ በሱበት። በቀዳዳው የታይሚንግ ላይቱን እያበራን እሳቱን በፕሮግራሙ መጀመሪያ 10፣ ቀጥሎ 34 ላይ አስረን ሮቶሩ የት እንደሚገኝ አየን፤ መካከሉንም ይዘን ቡሎኑን አጠበቅን።

በዚያው ዕለት ሌላ ነገር ታየ። በ1,000 ዙር ምልክቱ 10 ላይ ሲሆን በ4,000 ዙር ወደ 6 ይንሸራተታል። የታሰረ እሳት ሊንሸራተት አይገባውም። የማግኔት ሴንሰር ሁለት ሽቦዎች አሉት፤ ጥርሱ ሲያልፍ የሚወጣው ሞገድ በአንደኛው አቅጣጫ ሲያያዝ በጥርሱ መካከል ላይ ቀጥ ብሎ ዜሮውን ይቆርጣል፣ ተገልብጦ ሲያያዝ ግን ዜሮውን የሚቆርጠው በጥርሶቹ መካከል ባለው ለስላሳ ዳገት ላይ ነው። ያ ዳገት ከዙሩ ጋር ቅርጹን ስለሚቀያይር እሳቱም አብሮ ይዋልላል፤ የጎደለው ጥርስ ዘንድ ደግሞ ኮምፒውተሩን ያደናግረዋል። ሁለቱን ሽቦዎች አቀያየርሁ። የጥርሱ ማዕዘን ስለ ተለወጠ መነሻውን ዲግሪ እንደገና በመብራቱ አስተካከልሁ፤ ከዚያ ወዲህ ምልክቱ ከሚኒሞ፣ ማለት መርገጫው ሳይነካ ከሚዞርበት፣ እስከ 5,000 ዙር ካለበት አልነቃነቅም አለ።

የካቲት መጨረሻ፤ በ5,200 ዙር የሚቆርጠው

ጋራዥ ውስጥ ደኅና የነበረው ሞተር መንገድ ላይ ሲወጣ 5,200 ዙር አካባቢ ሚስ ማድረግ ጀመረ። የነዳጅ ማነስ ይመስላል፤ ጋሼም ፓምፑን ጠረጠሩ። የነዳጁ ግፊት ተለክቶ ያልወደቀ መሆኑ ታየ። የላፕቶፑ መዝገብ ግን ነገሩን አሳጥሮ ተናገረ፦ ሞተሩ በቆረጠ ቁጥር የሲግናል መጥፋትን የሚቆጥረው ቁጥር በአንድ ይጨምራል። ነዳጅ ቢያንስ ላምዳው (ከጭሱ የሚነበበው የአየርና የነዳጅ ምጥጥን፤ 1.00 ልክ ነው፣ ከዚያ ሲበልጥ ነዳጁ ሳስቷል) ቀስ ብሎ ይሳሳ ነበር እንጂ ቆጣሪው ባልተንቀሳቀሰ።

በተለምዶ ፖሊ ከምንለው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ አንድ የሚያስተምር ጓደኛዬ ኦሲሎስኮፕ ይዞ መጣ። በስክሪኑ ላይ የ35ቱ ጥርስ ሞገድ በተርታ ይሄዳል፤ ካንዴላው እሳት በለቀቀ ቅጽበት ግን በሞገዱ ላይ ስለታም እሾህ ይበቅላል። ዙሩ ሲጨምር እሾሁ የጥርስን ያህል ስለሚያድግ ኮምፒውተሩ ተጨማሪ ጥርስ ያየ መስሎት ቆጠራውን ይስታል።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አልነበረም። ቀደም ሲል መኪናዋን የያዘ አንድ ጋራዥ የሴንሰሩን ገመድ ከካንዴላ ገመዶቹ ጋር በአንድ ማሠሪያ አስሮት ኖሮ እሱን ሳልፈታ ነበር አዲሱን ገመድ በዚያው መንገድ የወሰድሁት። የገመዱ መከለያ በሁለቱም ጫፍ ማሳ (የኤሌክትሪኩ ኔጌቲቭ መመለሻ) ላይ የታሠረ በመሆኑ በሞተሩና በኮምፒውተሩ መካከል ያለው የቮልት ልዩነት በመከለያው ውስጥ ይፈስሳል። ካንዴላዎቹ ደግሞ በውስጣቸው ሬዚስተር የሌላቸው ናቸው። የኤንጂኬ ካንዴላ ከሆነ በኮዱ ውስጥ አር የሚለው ፊደል መኖሩ ሬዚስተር እንዳለው ያመለክታል፤ እነዚህ ላይ አልነበረም።

የሴንሰሩን ሁለት ሽቦዎች አጠማዝዤ፣ መከለያውን በኮምፒውተሩ በኩል ብቻ ማሳ አድርጌ፣ ገመዱን ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) በታች በሌላኛው ጎን አዞርሁት። የሴንሰሮች ሁሉ ማሳ ከቦዲው ተነቅሎ ወደ ኮምፒውተሩ የሴንሰር ማሳ ገባ፤ የኢንጀክተሮቹና የኢግናይተሩ ማሳ በተናጠል ወፍራም ሽቦ ሆኖ ከሞተሩ አካል ጋር ተያያዘ። ካንዴላዎቹም ሬዚስተር ባላቸው ተተኩ። ከዚያ በኋላ እስከ 7,200 ዙር ቆጣሪው ዜሮ ላይ ቆመ።

ለሚከተለው ሰው አንድ ነገር ልጨምር። መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑን ከመኪናው ባትሪ በኢንቨርተር እየሞሉ መሥራት ያጓጓል፤ ነገር ግን የኢንቨርተሩ ረብሻ በዩኤስቢው ገመድ ገብቶ ግንኙነቱን ይበጥሳል፣ አንዳንዴም የሴንሰር ንባብ ያናውጣል። ላፕቶፑ በራሱ ባትሪ ይሥራ።

መጋቢት መጀመሪያ፤ ቮልቱ ሲወርድ

በሚኒሞ ላይ ላምዳው 1.00 ላይ ተረጋግቶ ሳለ የፊት መብራትና ፋኑ ሲበሩ ወደ 1.08 ይሳሳና ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። አሮጌው ዲናሞ በሚኒሞ ብዙ ስለማይሰጥ ቮልቱ ከ14 ወደ 12.8 ይወርዳል። ኢንጀክተር ትእዛዝ እንደ ደረሰው ወዲያው አይከፈትም፤ ማግኔቱ እስኪያነሣው ድረስ 1 ሚሊሰከንድ ገደማ ያልፋል፣ ቮልቱ ሲቀንስ ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል። በሚኒሞ ጠቅላላው ትእዛዝ 2.6 ሚሊሰከንድ ብቻ ስለ ሆነ በእውነት ነዳጅ የሚረጭበት 1.6 ያህሉ ነው፤ የ0.2 ሚሊሰከንድ ስህተት ከዚህ ላይ ከ12 በመቶ በላይ ይሆናል። ያው ስህተት በሙሉ ጭነት፣ ትእዛዙ 9 ሚሊሰከንድ ሲሆን፣ ከ3 በመቶ በታች ነው። ሚኒሞ ላይ የሚያስቸግር ሞተር መንገድ ላይ ደኅና የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የማስተካከያው መንገድ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። ራሱን በራሱ የሚያርመውን ክፍል አጥፍቼ፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከሞቀ በኋላ መብራቱን፣ ፋኑንና የኋላ መስታወት ማሞቂያውን በየተራ እየጨመርሁ፣ በእያንዳንዱ ቮልት ላይ የመዘግየቱን ማካካሻ ላምዳው ወደ 1.00 እስኪመለስ ድረስ ለወጥሁ። የነዳጁን ሰንጠረዥ በዚህ ጊዜ አልነካሁም። አሁን ሁሉም ሲበራ ላምዳው በ0.01 ያህል ብቻ ይነቃነቃል።

መጋቢት አጋማሽ፤ ፀሐይ ላይ የቆመች መኪና

በመጋቢት ባሕር ዳር ቀትር ላይ ይሞቃል። መኪናዋ ከተነዳች በኋላ ለጥቂት ጊዜ ቆማ እንደገና ስትነሣ ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ ትንሽ ከሄደች በኋላ ይተዋል። መዝገቡ ላይ የአየሩ ሙቀት 70 ዲግሪ ይላል፤ የውጭው አየር 31 ነበር። ሴንሰሩ በማኒፎልዱ የአሉሚኒየም አካል ውስጥ ስለ ተገጠመ የሚለካው የብረቱን ሙቀት ነው እንጂ የአየሩን አይደለም። ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር በእውነት 35 ዲግሪ ሆኖ ሳለ ኮምፒውተሩ 70 ካመነ፣ አየሩ ሳስቷል ብሎ 10 በመቶ ያህል ነዳጅ ይቀንሳል።

ሴንሰሩን ከትሮትሉ (መርገጫው ከሚከፍተው የአየር በር) በፊት ወዳለው የፕላስቲክ ቱቦ አዛወርሁት፤ አካሉ ክፍት የሆነና ቶሎ የሚሰማ ዓይነትም መረጥሁ። ይህ ብቻውን ችግሩን አብዛኛውን ፈታው። ይሁንና አየሩ በማኒፎልዱ ውስጥ ሲያልፍ ትንሽ መሞቁ አይቀርምና፣ የአየር ሙቀቱን የማረሚያ ሰንጠረዥ አለዘብሁት። ከሴንሰሩ የሚመጣ ማንኛውም እርማት ሙሉ በሙሉ መታመን አለበት የሚለው አስተሳሰብ እዚህ ላይ አያስኬድም።

መጋቢት መጨረሻ፤ የነዳጁ ሰንጠረዥ

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ነዳጁ የገባሁት። የቦሽ ኤልኤስዩ 4.9 ላምዳ ሴንሰር በጭስ ማውጫው ላይ፣ አራቱ ቱቦዎች ከተገናኙበት በታች፣ ከጭሱ እንፋሎት የሚፈጠር ውኃ እንዳይሰበስብ ጫፉ ወደ ታች ዘንበል ብሎ ተገጥሟል። ከሴንሰሩ በላይ ያለው የማርሚታ መጋጠሚያ ጓርኒሲዮኑ ተበልቶ ነበርና ቀየርሁት፤ በዚያ በኩል የሚገባ የውጭ አየር ሞተሩ ያልሳሳውን ሳስቷል ያሰኘዋል።

የመካከለኛ ጭነት ሣጥኖችን ለመሙላት ወደ ቤዛዊት የሚወጣው ዳገት ይመቻል። በሦስተኛ ማርሽ ቤንዚን መርገጫውን ሳያወላውሉ ይዞ ሲወጣ በ65 እና በ75 ኪሎፓስካል መካከል ረጋ ብሎ መቆየት ይቻላል። ለሙሉ ጭነት ግን ቀጥ ያለ ሜዳ ያስፈልጋል፤ ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ከሐሙሲት ወዲያ የፎገራ ሜዳ ሲጀምር ጠዋት በጊዜ፣ ከብቱና ባጃጁ ሳይበዛ፣ በሁለተኛ ማርሽ እስከ 7,000 ዙር አንድ ሩጫ ከ100 ኪሎሜትር በሰዓት በታች ይጠናቀቃል። ከዚያ በላይ ፍጥነት የሚጠይቅ ሙከራ በሕዝብ መንገድ ላይ አላደረግሁም፤ ላፕቶፑንም የሚይዘው ጎኔ የተቀመጠ ሰው ነው።

ግቤ በሚኒሞና በዝግታ ጉዞ 1.00፣ በሙሉ ጭነት 0.87 ነው። ፕሮግራሙ ራሱ ሰንጠረዡን እንዲያርም ሲፈቀድለት ውኃው ከ75 ዲግሪ በታች የሆነበትን፣ ቤንዚን መርገጫው በድንገት የተንቀሳቀሰበትንና ነዳጅ የተቆረጠበትን ቅጽበት ሁሉ እንዲዘልል አዘዝሁት። ያም ሆኖ የሠራውን እንዳለ አልተቀበልሁም። ከጎረቤቶቹ ተለይቶ የዘለለ ሣጥን ካለ በዚያ ቦታ የሚያምነው ንባብ ጥቂት ስለ ነበረ ነው፤ እነዚያን በእጅ አለዘብሁ።

4,300 ዙር አካባቢ ያለው ጎርበጥ ግን እውነተኛ ነው። ይህ ሞተር በእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት የአየር መንገድ አለው፤ በዝቅተኛ ዙር አንደኛው በቫኪዩም በሚሠራ ሳንቃ ተዘግቶ ይቆይና ዙሩ ከ4,000 ትንሽ ሲያልፍ ይከፈታል። ሳንቃው ሲከፈት የሲሊንደሩ አሞላል በአንድ ጊዜ ስለሚለወጥ፣ ሰንጠረዡ እዚያ ላይ እርከን ቢኖረው ስህተት አይደለም። በመክፈቻው ግራና ቀኝ በ200 ዙር ልዩነት ሁለት ዓምድ አስገባሁ። የመክፈቻውን ትእዛዝ ራሱ ኮምፒውተሩ ይሰጣል።

ቤንዚን መርገጫው በድንገት ሲረገጥ የሚታየውን መደናቀፍ በሚመለከት ብዙ የሚባል የለም፤ ለጊዜው የሚጨመረው ነዳጅ በዝቅተኛ ዙር ከፍ ብሎ ከ4,000 ዙር በላይ እየቀነሰ እንዲሄድ ሲደረግ ተወ።

ሚያዝያ፤ የእሳቱ ሰንጠረዥ

ቀጭን አየር ጉልበት ይቀንሳል፤ በምትኩ ግን የሲሊንደሩ ግፊትም ስለሚቀንስ ሞተሩ ከማንኳኳት (ነዳጁ ከእሳቱ ውጭ በራሱ ሲፈነዳ ከሚሰማው ድምፅ) ይርቃል። ስለዚህ በባሕር ጠለል ለ100 ኪሎፓስካል የተመደበውን እሳት እዚህ ለ82 መስጠት እጅን አስሮ መንዳት ነው። በሦስተኛ ማርሽ ከ3,000 እስከ 5,000 ዙር የሚወስደውን ጊዜ ከመዝገቡ እያነበብሁ፣ በያንዳንዱ አቅጣጫ ሄዶ በመመለስ የነፋሱንና የመንገዱን ዘንበል እያጠፋሁ፣ እሳቱን በ2 በ2 ዲግሪ ከፍ አደረግሁ። ከሞተሩ ብሎክ ጋር ከተያያዘ የመዳብ ቱቦ በሚወጣ ማዳመጫ ማንኳኳት መኖር አለመኖሩን ጎኔ የተቀመጠው ሰው ይከታተላል።

ከ28 ወደ 30፣ ከ30 ወደ 32 ሲሄድ ጊዜው አጠረ፤ በ34 ግን ምንም አልተለወጠም፣ የሚያንኳኳም አልነበረም። ጉልበት ካልጨመረ እሳቱን ማስቀደም ትርፍ ጭንቀት ብቻ ነውና ሙሉ ጭነቱን 32 ላይ ተውሁት። በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን ሊገጥም በሚችልበት አገር ሁለት ዲግሪ መጠባበቂያ መያዝ ተገቢ ይመስለኛል፤ ለዚህም በዳሽቦርዱ ላይ ባለ አንድ ማብሪያ የሚነሣ፣ በሁሉም ሥፍራ 4 ዲግሪ የሚቀንስ ሁለተኛ ሰንጠረዥ አዘጋጅቻለሁ።

ሚያዝያ መጨረሻ፤ ወደ እንጅባራ

መንገዱ ሰላም መሆኑ ከተሰማ በኋላ ወደ እንጅባራ ወጣን። እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለ ሆነች የአየሩ ግፊት ወደ 75 ኪሎፓስካል ይወርዳል። ጥያቄው አንድ ነበር፦ ማኒፎልዱ ውስጥ ያው 60 ኪሎፓስካል ሲኖር ሞተሩ ባሕር ዳርና እንጅባራ ላይ እኩል ነዳጅ ይፈልጋልን? በስሌት የማኒፎልዱ ግፊት ከፍታውን አብሮ ስለሚናገር ልዩነቱ ትንሽ መሆን አለበት፤ ነገር ግን በከፍታ የጭስ ማውጫው ተቃራኒ ግፊት ስለሚቀንስ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚቀረው ያገለገለ ጋዝ ያንሳል፣ አዲስ አየርም በምትኩ ትንሽ ይበልጣል።

ኮምፒውተሩ የውጭውን ግፊት የሚያነብበው ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ስለ ነበር፣ ከባሕር ዳር ሳይጠፋ የወጣ ሞተር እንጅባራ ደርሶም 82 እንዳለ ያምናል። ከመነሣታችን በፊት ለዚህ ሲባል ለውጭው አየር ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ የግፊት ሴንሰር ከኮምፒውተሩ አጠገብ ገጥሜ ነበር። በዳንግላ ዳገትና ከዚያ በላይ የተሰበሰበው መዝገብ ሲታይ በተመሳሳይ ዙርና በተመሳሳይ የማኒፎልድ ግፊት ላምዳው ከ1 እስከ 2 በመቶ ሳስቶ ተገኘ። ማካካሻውን በ75 ኪሎፓስካል 101.5፣ በ82 ደግሞ 100 አድርጌ ገባሁበት፤ ስንመለስ ቁልቁለቱን ጨምሮ ላምዳው ከግቡ ርቆ አልወጣም።

የቀረው የጠዋት አነሣስ ነው። አሁን ሌሊቱም ሞቃት ስለ ሆነ የማንሻው ነዳጅ ከ18 ዲግሪ በታች ያለው ክፍል በግምት ተሞልቷል። በታኅሣሥና በጥር ጠዋት ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ቀን ስለሚኖር ያንን ክፍል እስከዚያ ድረስ አልነካውም፤ የአሁኑ ሰንጠረዥ ግን በሁለት ፍላሽ ተቀድቶ አንዱ ጋሼ ዘንድ ተቀምጧል።